ብረት አይንካው

አያ ሙላቴ ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በምትመለስ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ወረታን አልፈው ዳገቱን እንደ ጀመሩ፣ በግራ ኪሳቸው ያለው ነገር ድንገት ትዝ አላቸውና ክው አሉ። ጉልበታቸው ላይ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ስር ይዘዋል። ስሩን የሰጣቸው መድኃኒት አዋቂ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ፣ «አደራ፣ ብረት እንዳይነካው፤ እኔ ራሴ የቆፈርሁት በእንጨት ነው» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ማግኔት የሚያህል ነገር በኪሳቸው ይዘው ሲዞሩ ውለዋል!

ማግኔቱ የሥራ ዕቃቸው ነው። አያ ሙላቴ ደብረ ታቦር ከተማ ዳር ወፍጮ ቤት አላቸው። ከአውድማ በሚመጣ እህል ውስጥ ምስማርም ሽቦም አይጠፋም፤ የወፍጮውን ድንጋይ በወቀሩት ቁጥርም የብረት ብናኝ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጡትን ክብ ማግኔት በሲባጎ አስረው፣ የሰው እህል ከመፍጨታቸው በፊት በእሱ ያስሱታል። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ስለ ሠሩ ማግኔቱ ከኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም። ዛሬም ሳያስቡት ይዘውት ወጥተዋል።

«ልጄ፣ ስለ እግዜር ብለሽ ይችን ነገር ያዥልኝ» አሉና አጠገባቸው ለተቀመጠች ወጣት ሴት ሰጧት።

ወጣቷ ሰላማዊት ትባላለች። ዕቃውን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና ፊቷ በራ። «ማግኔት ነው እንዴ! ምነው አባባ፣ ከበደዎት?»

«አልከበደኝም። መድኃኒት ይዣለሁ፤ መድኃኒቱ ብረት አይወድም።»

ሰላማዊት ጣሪያውን አየች፣ የወንበሩን እግር አየች፣ በሩንም አየች። «እንግዲያውስ ሚኒባሱንም አንድ ሰው ይያዝልዎ እንጂ!» አለች።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አያ ሙላቴ ግን አልሳቁም። ቁጡ ሰው ናቸው፤ ወፍጮ ቤታቸው ውስጥ እንኳ ተራ ያላከበረን ሰው እህሉን አሸክመው የሚመልሱ ናቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ የተማረ ሰው ስድ ነው እያሉ በሆዳቸው እያጉረመረሙ የፎገራን ሜዳ ያዩ ጀመር።

ብዙም ሳይሄዱ ጎማው ዷ ብሎ ፈነዳ። ሾፌሩ ባዩ ሁሉንም አስወርዶ፣ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ሲፈታ፣ አንዷ ቡሎን ከእጁ አምልጣ ከመንገዱ ሥር ጭቃ ውስጥ ገባች። ባዩ በእጁ ጭቃውን ቢያምስ፣ በእንጨት ቢቆፍር አጣት። ይህን ጊዜ አያ ሙላቴ መቀየማቸውን ረሱት። ቋጠሯቸውን ለሰላማዊት ሰጥተው ማግኔቱን ተቀበሏት፤ ሲባጎውን ጨብጠው ጭቃው ላይ ከወዲያ ወዲህ ጎተት ጎተት ሲያደርጉት ጥቂት ሳይቆይ ጠቅ አለ። ሲያወጡት ቡሎኗ ጭቃ እንደ ለበሰች ተለጥፋለች።

«እሰይ አባቴ!» አለ ባዩ። ደስታው ግን አልቆየም፤ ስኮርታውን አውርዶ ሲጫነው ትንፋሽ የለውም። በሚያልፍ የጭነት መኪና ጎማውን ጭኖ፣ «አስነፍቼ መጣሁ» ብሎ ወደ ወረታ ወረደ። ተሳፋሪውም ገሚሱ ጥላ ፍለጋ ሄደ፣ ገሚሱ በእግሩ ተጓዘ። አያ ሙላቴና ሰላማዊት አንድ ግራር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ በቅድሙ ቀልዴ ተቀይመው ከሆነ ይቅር ይበሉኝ» አለች ሰላማዊት። «ማግኔቱን ሲሰጡኝ ደስ ብሎኝ ነው። የእኔን ሥራ የሚሠራ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።»

«አንቺም ወፍጮ ቤት አለሽ?»

«የለኝም። ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርቴ የደም ምርመራ ነው። ውጭ አገር ሁለት ዓመት የተማርሁት ይህን ነው። በማግኔት ከሰው ደም ውስጥ ነቀርሳ፣ ካንሰር የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ስለቅም ነበር።»

ነቀርሳ የምትለው ቃል ስትወጣ አያ ሙላቴ እጃቸውን ሰደው ቋጠሯቸውን ከሰላማዊት ጭን ላይ አነሡ። ለምን እንዳነሡት እሳቸውም አላወቁትም።

«ነቀርሳ ደም ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?» አሉ። «ነቀርሳ እብጠት ነው። ካልነኩት እዚያው በተቀመጠበት ይኖራል። ብረት የነካው ዕለት ግን ተበትኖ ሰውነት ይፈጃል። ይህን የማያውቅ የለም።»

«እኔም ሳድግ የሰማሁት እንዲሁ ነው። አያቴም እንዲህ ይሉ ነበር።»

«ታዲያ ከአያትሽ አንቺ በለጥሽ?»

«ኧረ አልበለጥሁም። ያዩትን ነው የተናገሩት። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ጭንቅ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ በቢላ ቢነኩት የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሞተውን ሰው ያየ ሁሉ ቢላው ገደለው ይላል። እኔ ግን አያቴ ማየት ያልቻሉትን ነገር አየሁ። ልንገርዎት?»

አያ ሙላቴ ከተቀመጡበት አልተነሡም፣ ፊታቸውንም አላዞሩም። ሰላማዊትም እንደ ፈቀዱላት ቆጠረችው።

«ነቀርሳ፣ የያዘው ሰው እብጠት ወጣብኝ ብሎ ከመናገሩ በፊት እንኳ፣ ከራሱ ትንንሽ ፍሬ እያራገፈ ወደ ደም ሊልክ ይችላል። በዓይን አይታይም። ፍሬው በደም እየተሳፈረ ሄዶ አጥንት ላይ ወይም ሳንባ ላይ ያርፋል፤ ከቀናው እዚያ ይበቅላል። እኛ የምንፈልገው ያን በመንገድ ላይ ያለውን ፍሬ ነው። ችግሩ ምን መሰለዎት? ከአንድ ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ደም እንቀዳለን። በዚያ ደም ውስጥ ያለውን የደህናውን ፍሬ ብዛት በጤፍ ልንገርዎት ብል መቶ ኩንታል ጤፍ ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የነቀርሳው ፍሬ አምስት ነው። አንዳንዴም ሁለት፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይገኝም።»

አያ ሙላቴ የእህል ሰው ናቸው። መቶ ኩንታል ጤፍ ሲባል ጎተራው በዓይናቸው መጣ። «ይህማ አይለቀምም» አሉ ቁርጥ አድርገው።

«በእጅ አይለቀምም። በማግኔት ነው።»

«አታታልይኝ እንጂ! ማግኔት የሚስበው ብረት ነው። ሥጋ ስቦ አያውቅም። ሃያ ዓመት ይዤዋለሁኮ።»

ሰላማዊት በደስታ አጨበጨበች። «እኔም መምህሬን የጠየቅሁት ይህን ነበር። አባባ፣ ጭጎጎት ያውቃሉ አይደል? ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ድንጋይ ላይ ግን አይጣበቅም። ከዱቄት እጅግ የላመ የብረት ትቢያ እንወስድና እንዲህ ጭጎጎት የመሰለ ነገር እንቀባዋለን፤ ከነቀርሳው ፍሬ ላይ ይጣበቃል፣ ከደህናው ደም ላይ አይጣበቅም። ደሙ ውስጥ ጨምረን ስናማስለው ፍሬው ብረት ይለብሳል። ከዚያ በብልቃጡ ጎን ማግኔት እናስጠጋለን። ብረት የለበሰው ጎኑ ላይ ይቀራል፣ ሌላውን ደም እናፈሰዋለን። ቅድም እርስዎ ቡሎኗን ከጭቃው እንዳወጧት ነው።»

«አንዳንድ ደህና ፍሬስ አብሮ አይለጠፍም? እኔኮ ምስማር ሳወጣ ዱቄት ተከትሎት ይመጣል።»

«ይመጣል እንጂ! ስለዚህ ደጋግመን እናጥበዋለን፣ ከዚያም ቀለም ቀብተን በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ እናያለን። የሚያመልጠንም አለ።»

«ለአምስት ፍሬ ሁለት ዓመት ለፋሽ?»

«ለአምስት ፍሬ ለፋሁ።»

ልብ ይባል፣ አያ ሙላቴ እስካሁን ነገሩን የሰሙት የባለሙያ ወግ ስለ ሆነባቸው ነው። እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ሌላ እጅ በሌላ አገር ሲሠራው መስማት ደስ ይላል። እግራቸው ወዴት እየወሰዳቸው እንደ ሆነ አላዩም። ሰላማዊትም አላየችም፤ እኚህ ሽማግሌ ስሩን ለማን እንደ ያዙ አልጠየቀችም ነበርና።

«እኔን የገረመኝ ይህ አይደለም» አለች። «ደም ከሰጡን ሴቶች መካከል ገና ምንም ያልተደረገላቸው ነበሩ። እብጠታቸውን ቢላም መርፌም አልነካውም። ግን በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ያ ፍሬ ተገኘ። አባባ፣ ማን በተነው?»

«ደማቸውን ስትቀጂ መርፌ ነካቸዋ!» አሉ አያ ሙላቴ፣ የያዟት መስሏቸው።

«ክንዳቸውን ነው የነካው፤ እብጠቱ ጡታቸው ላይ ነው። ደሙም ያን ጊዜውኑ የተቀዳ ነው። ብረት አልበተነውም። በራሱ ጊዜ ነው የሚበተን። ብረት አይንካው እየተባለ የሚጠበቀው ጊዜ ነው መንገዱን የሚከፍትለት።»

አያ ሙላቴ ደማቸው ፈላ። «ነይማ እዚህ! አንቺ በብልቃጥ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ፤ እኔ በቤቴ ያየሁትን ልንገርሽ» ብለው ተነሡ፤ ደግሞ ተመልሰው ተቀመጡ። «ባለቤቴ እቴነሽ በጡቷ እብጠት ያዛት። መጀመሪያ ሽምብራ ታህል ነበር። ከዚሁ ሰው ስር እያመጣሁ በእጄ እየቀባሁ ሁለት ዓመት ብረት ሳይነካት ኖረች። ልጄ ፈንታነሽ ግን ደብቃኝ ሆስፒታል ወሰደቻትና በመርፌ ወጓት። በአራተኛው ወር ቀበርኋት። ታዲያ ምን ትይኛለሽ?»

ሰላማዊት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። አላወቅሁም ነበር፤ ይማሩኝ አባባ።» ቀጥላም፣ «መርፌው መቼ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«በኅዳር። ሚካኤል ባለፈ በሳምንቱ።»

«ያን ጊዜ እብጠታቸው ምን ያህል ነበር?»

«እንቁላል አክሎ ነበር። ቆዳዋም ፈንድቶ…» አያ ሙላቴ በእጃቸው ብብታቸውን አሳዩ። «ብብቷ ሥርም ሌላ ወጥቶባት ነበር። ክንዷም አብጦ ነበር።»

«ሌላ የሚያማቸው ነገርስ ነበር?»

«ጀርባዬን ትል ነበር። ጎንበስ ማለት አትችልም። ቅዳሴ ላይ መቆም አቅቷት በመቋሚያ ተደግፋ… ፍልሰታን እንኳ ሳታስቀድስ ነው የቀረች። እቴነሽና ፍልሰታ! ሰው ሁሉ ጉድ ብሎ ነበር።»

ይህን ብለው ቃላቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

ሰላማዊት፣ «ታዲያኮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። መጨረስም አላስፈለጋትም። ፍልሰታ በነሐሴ ነው፤ ኅዳር ከዚያ ሦስት ወር ይርቃል። አያ ሙላቴ ለሦስት ዓመት ያህል ይህን ታሪክ ለስንት ሰው ነግረዋል! ለነፍስ አባታቸው ነግረዋል፣ ወፍጮ ቤት ለሚመጣ ሁሉ ነግረዋል። ግን መርፌውን በኅዳር ብለው፣ ጀርባዋን በፍልሰታ ብለው፣ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ተናግረው አያውቁም። የጠየቃቸውም ሰው አልነበረም። አይ ሰው! በአፉ ይዞት የሚዞረውን ነገር ጆሮው አይሰማውም።

«ቀድሞ ሄዶ ነበር» አሉ ቆይተው። «መርፌው ሳይነካት ጀርባዋ ላይ ደርሶ ነበር።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሳላያቸውም እንዲህ ነበር ብዬ መማል አልችልም» አለች ሰላማዊት። «ግን ያሉኝ ሁሉ የሚመስለው እሱን ነው። መርፌው የሆነውን ለማወቅ ነው የገባው። ሲገባ ብዙ መሽቶ ነበር።»

«ያመሸሁት እኔ ነኛ!»

አያ ሙላቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ከጋቢው ሥር ሆነው ነው ቀሪውን የነገሯት።

«በለቅሶው ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ‹እናትሽን በመርፌ ያስገደልሽ አንቺ ነሽ› አልኋት ልጄን። አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ ሰላም ብላኝ ትሄዳለች፤ ሌላ ወሬ የለንም። ባለፈው ሳምንት ባሏ ይሻው ወፍጮ ቤት መጣና፣ ‹አባቴ፣ ፈንታነሽም በጡቷ እብጠት ወጣባት› አለኝ። ሽምብራ ታህላለች አለኝ። ‹ሆስፒታል ልውሰድሽ ብላት እንቢ አለች። እሷ፣ አባቴ እውነቱን ነው፣ እናቴን በመርፌ የገደልሁ እኔ ነኝ፣ ራሴን ደግሞ አልገድልም ትላለች፤ ያንን ስር አምጡልኝ አለች› አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ሐሙሲት ወረድሁ።»

ቋጠሮው የማን እንደ ሆነ ሰላማዊት አሁን ገባት። ቅድም በሚኒባሱ ውስጥ ሰው ያሳቀችበት ቀልድ ትዝ ብሏት ፊቷ ቀላ። በተማረ ሰው ላይ የሚታይ ክፉ አመል ነው ይኸ፤ ምን እንደ ያዝህ ሳይጠይቅ በያዝኸው ይስቅብሃል።

«አባባ፣ ልጅዎ ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስድስት። ሁለት ልጆች አሏት።» አያ ሙላቴ ከጋቢያቸው ወጡ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ማግኔትሽ ለእሷ ይሆናታል? የት ነው ያለው? ልውሰዳት!»

«ውሸት አልነግርዎትም። እዚህ የለም። ባለበት አገርም ቢሆን በአብዛኛው ገና የሚጠና ነገር ነው፤ የሚረዳውም ይበልጡን በሽታው የታወቀባቸውን ለመከታተል ነው። እብጠት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ እሱን አይጠብቁም።»

«ታዲያ ምን ይረባናል? ሁለት ዓመት ተምረሽ፣ ለእኔ ልጅ የማይሆን!»

«እኔንም የሚቆጨኝ እሱ ነው» አለች ሰላማዊት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ከመጣሁ ዓመት ሆነኝ። ዕቃው የለም፤ ለተማሪዎቼ የማስተምረው በሥዕል ነው። ግን አባባ፣ ለልጅዎ የሚሆናት ነገር አለ፤ ዛሬም አለ። ሐኪም ይያት፤ በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ተወስዶ ይመርመር። ነቀርሳ ላይሆን ይችላል፤ ብዙው የጡት እብጠት አይደለም። ከሆነም ሽምብራ ሳለ ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ፣ ከዚያ መድኃኒቱ አለ። እኔ በማግኔቱ ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ በሽታው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። እኛ ነን የምንጠብቀው።»

«መቼ ልውሰዳት?»

«ነገ።»

«የምትሄድልኝ ከሆነ ነዋ! ቃሌን ይዛ ተቀምጣለችኮ። የእኔን ቃል!»

«እንግዲያው ቃልዎን ይመልሱት።»

ለአያ ሙላቴ ከዚያ ሁሉ የደምና የብረት ወግ የከበደቻቸው ይህች ነች። በዕድሜያቸው የተናገሩትን መልሰው አያውቁም። ለባለቤታቸው መልሰው አያውቁም፣ ለልጃቸው መልሰው አያውቁም፤ እንዲያውም በዚህ ይኮሩ ነበር። ባዩ ጎማውን አስነፍቶ ሲመጣ፣ ቡሎኑን ሲያጠብቅ፣ ተሳፋሪው ሲሰበሰብ፣ እሳቸው ይህንኑ ነገር ሲያወጡ ሲያወርዱ ነበር። አለም በርን አልፈው ደብረ ታቦር እስኪገቡ ድረስም እንዲሁ። መናኸሪያ ሲወርዱ ሰላማዊት ስልኳን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። «ሆስፒታል የማውቃቸው አሉ፤ ነገ ጠዋት በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ከማግኔቱ ጋር አብረው ኪሳቸው ከተቱት።

ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ባጃጅ ይዘው በቀጥታ ፈንታነሽ ቤት ሄዱ። ፈንታነሽ ግቢ ውስጥ ገብስ እያሰጣች ነበር። አባቷን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸውና ዓይኗ ወደ ቋጠሮው ሄደ።

«አመጡልኝ አባባ? እግዜር ይስጥልኝ።»

አያ ሙላቴ ቋጠሮውን አልሰጧትም። በመንገድ ላይ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ በማግኔቱ ጀምረው፣ በጤፉ አድርገው፣ ቀስ ብለው ወደ ነገሩ ሊገቡ ነበር። ሁሉም ጠፋባቸው።

«ፈንቱ፣ እናትሽን አንቺ አልገደልሻትም» አሉ።

ፈንታነሽ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ።

«መርፌው አይደለም። መርፌው ሳይነካት በፊት ጀርባዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። በፍልሰታ አታስታውሽም? ሁለት ዓመት ሙሉ ስር እየቀባሁ ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ። በሰው ፊት የተናገርሁብሽን በሰው ፊት እመልሰዋለሁ፤ ለጊዜው ግን ለአንቺ ልንገርሽ ብዬ መጣሁ። ማሪኝ ልጄ።»

ፈንታነሽ ገብሱ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ስታለቅስ ቆይታ፣ «ይህን ቃል ሦስት ዓመት ጠበቅሁት» አለች። «አባባ፣ እኔም አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። እማዬን እኔ አልወሰድኋትም። እሷ ናት የወሰደችኝ።»

«እንዴት አድርጋ?»

«አንድ ቀን መጥታ፣ ‹ልጄ፣ ይህ ነገር ሽምብራ ሳለ ጀምሮ ሐኪም ቢያይልኝ እያልሁ ስመኝ ኖርሁ። አባትሽ ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። እባክሽ አብረሽኝ ሂጂ› አለችኝ። እኔ ሆስፒታሉን እንኳ አላውቀውም ነበር፤ በሩን ያሳየችኝ እሷ ናት። ከዚያ በፊት ብቻዋን ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዳ ተመልሳለች። ልትሞት ስትል፣ ‹ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ ይጸጸታል፤ ቢቆጣም በአንቺ ይቆጣ› አለችኝ። እኔም እሺ አልኋት።»

አያ ሙላቴ የቤቱን ግድግዳ ተደገፉ። ከእሳቸው ጋር አርባ ዓመት በአንድ ማዕድ የበላች ሴት፣ እሳቸውን ፈርታ ከሆስፒታል በር ሁለት ጊዜ ተመልሳለች! እሳቸው ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉ በፍቅር የሚያስታምሟት መስሏቸው ነበር። ማስታመሙስ እውነት ነው፤ በእጃቸው ነው የቀቧት። ግን የሚወዱትን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሳይሉ ማስታመም ምን ይባላል?

ቋጠሮውን ፈትተው ስሩን ከግቢው አጥር ማዶ ወረወሩት።

በማግሥቱ ጠዋት ሰላማዊት በገባችው ቃል መሠረት የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ነበር። ፈንታነሽ በአንድ ወገን ባሏን፣ በአንድ ወገን አባቷን ይዛ ገባች። መርፌው ሲገባ አያ ሙላቴ ከውጭ ቆመው ማግኔታቸውን በኪሳቸው ውስጥ ጨብጠው ነበር። የምርመራው ውጤት ሳምንታት ቆይቶ መጣ። የፈሩት ነበር። ነገር ግን ትንሽ ነው፣ ሲታይ ከቦታው የራቀ አይመስልም አሏቸው። ወደ ባሕር ዳር ተልካ በቢላ ተነካች፤ ከዚያም መድኃኒቱ ቀጠለ። ጠጕሯ ረገፈ፣ ከሳች፣ ተመልሳ ደግሞ ወፈረች። ይኸው ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ በየጊዜው እየታየች ልጆቿን ታሳድጋለች። እሷ ሲሻላት አያ ሙላቴ የገቡትን ቃል አላጠፉም። ለእቴነሽ አራተኛ ሙት ዓመት ተዝካር የመጣው ሰው ሳይበተን፣ ቆመው፣ «ያን ዕለት በልጄ ላይ የተናገርሁት ሐሰት ነበር» አሉ።

አሁን አያ ሙላቴ ወፍጮ ቤት እህል ያስፈጨች ሴት ሁሉ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። ተራዋን ስትጠብቅ እሳቸው ማግኔቱን እህሏ ውስጥ እየጎተቱ ይነግሯታል፤ ምስማር ሲወጣ አንሥተው ያሳዩዋታል። «አየሽ፣ ይህን ቀድሜ ባላወጣው ድንጋዬን ይሰብር ነበር። በገላሽም እንዲሁ ነው። ጡትሽን ራስሽ ዳብሺው። ያላወቅሽው ነገር ካገኘሽ ባልሽ እስኪፈቅድ፣ ጎረቤትሽ እስኪመክር አትጠብቂ። ሐኪም ይየው። ካልሆነም ተመስገን ብለሽ ትመለሻለሽ፤ ከሆነም በትንሹ ትገላገይዋለሽ።» ወንድ እህል ይዞ ሲመጣ ደግሞ ምክራቸው አጭር ነው። «ሚስትህን ጠይቃት» ነው የሚሉት። ከእነዚህ ሴቶች አምስቱ ሆስፒታል ሄደው አራቱ ደህና ናችሁ ተብለው ተመልሰዋል፤ አንደኛዋ ጥሩወርቅ በጊዜ ደርሳ ታክማለች።

ይህችው ጥሩወርቅ አንድ ቀን ዱቄቷን ስታዝል፣ «አያ ሙላቴ፣ ባለቤትዎስ ያኔውኑ ቢሄዱ ይድኑ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አያ ሙላቴ ወፍጮውን አጠፉት። ቤቱ ጸጥ አለ።

«አላውቅም ልጄ፤ የሚያውቅም የለም» አሉ። «አንድ ቀን ስሩን እየቀባኋት እጄን ያዝ አደረገችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ልትናገር ነበር። እኔ ግን አመማት ብዬ፣ ‹አይዞሽ፣ ብረት አልነካሽም› አልኋት። እሷም እጄን ለቀቀችኝ።»